አራት ራም እና የወንድሜ ፊርማ

ግንቦት 28፣ ረቡዕ

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ዛሬ ለኮምፒውተሬ ማህደረ ትውስታ ሁለት አዲስ ራም ገዝቶ መጣ። ማንም አልጠየቀውም። እኔም ስለ ኮምፒውተሬ መንቀርፈፍ ማማረሩን ከተውኩ ቆይቻለሁ። ካርቶኑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ፣ ክፈቺውና ክተቺ፣ የኔ ጣት እንዲህ ላለ ነገር ወፍራም ነው አለኝ። ከመቼ ወዲህ? አባታችን የምህንድስና ቢሮውን ትቶልን ካረፈ ጀምሮ እዚህ የተበላሸ ነገር ሁሉ ሲፈታና ሲገጥም የኖረው እሱ ነው። እኔ ብሎን ያነሳሁበትን ቀን አላስታውስም።

የማሽኑን ሆድ ከፈትኩ። ከአራቱ የራም ማስገቢያዎች ሁለቱ ባዶ ነበሩ፤ ሞላኋቸው። ቀጭ ብለው ገቡ። የምንሠራው የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሞዴል፣ ያ እስኪከፈት ሻይ ተፈልቶ የሚጠጣበት፣ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ተከፈተ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ከዚያ ጋሼ፣ ከእንግዲህ ስሌቱ ሁሉ ባንቺ በኩል ይለፍ፣ እኔ መፈረሙ ይበቃኛል አለ። የገዛ እጁን ስሌት እንኳ ሁለት ጊዜ ሳይፈትሽ የማይተኛ መሐንዲስ።

ማታ ለባሌ ነገርኩት። ሥራ ሲያካፍልሽ ምን ያስከፋሻል አለ። ልክ ነው። ግን አባቴ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይል ነበር።

ሰኔ 3፣ ሰኞ

ኮምፒውተሩ ቀጥ አለ። ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ፣ አንድ የማይገባ ነገር ጻፈ፣ ጠፋ፣ ራሱን አስነሳ። ሳላስቀምጥ የቀረሁት የጠዋት ሥራ ሁሉ ሄደ።

ጋሼ ከጀርባዬ ቆሞ ነበር። «ምን ይላል?» አለኝ። ፊደሉ ጣት ያክላል፤ እሱ ምን ይላል ይለኛል። ሊያስቆጣኝ ፈልጎ ይመስላል።

ሰኔ 4፣ ማክሰኞ

ዛሬም። ከምሳ በፊት አንዴ፣ ከምሳ በኋላ አንዴ። ሁለተኛው ጊዜ ምንም አልነካሁም፣ ስልክ እያወራሁ ነበር።

ሰኔ 6፣ ሐሙስ

የኮምፒውተር ጠጋኙ መጣ። ሐኪሙ ነው የምንለው፤ ማሽኑን «ታማሚው» ስለሚል። ጋሼ ነው የጠራው። መጀመሪያ አቧራ ነው አለና አራገፈው። ቀጥሎ የኤሌክትሪኩ መዋዠቅ ነው አለ። በመጨረሻ ዊንዶውሱን አጥፍቶ እንደ አዲስ ጫነው። ራሞቹስ ብለው፣ አዲስ ናቸው፣ ምን ይሆናሉ አለኝ።

ሲወጣ፣ ከእርስዎ ሌላ ማን ይጠቀምበታል ብሎ ጠየቀኝ። ማንም አልኩት። ወዲያው ግን ትዝ አለኝ። ሰሞኑን ጠዋት ስገባ ወንበሬ ከፍ ብሎ አገኘዋለሁ። ትናንትማ የስክሪኑ ፊደል እንደ ሱቅ ማስታወቂያ ተልቆ ነበር፤ እያጉረመረምኩ መለስኩት። ከኔ በፊት የሚገባው ጋሼ ብቻ ነው። የራሱ ኮምፒውተር እያለው የኔ ላይ ምን ይሠራል? የኔ ስክሪን ሰፊ መሆኑ ነው? ሲጋራ እንደሚደብቅ ልጅ ሁሉን ዘግቶ የሚነሳውስ ለምንድን ነው?

ሰኔ 8፣ ቅዳሜ

የአዳራሹን የግንባታ ሥዕል ዛሬ ወደ ሳይት ላክን። ክረምቱ ሳይጠነክር ጣሪያው እንዲያልቅ ርዕሰ መምህሩ በየቀኑ ይደውላል።

ከመፈረሙ በፊት ጋሼ ውጤቱን ሁሉ ጮክ ብዬ እንዳነብለት አደረገ። የትኛው አግዳሚ ቢም ስንት የብረት ፌሮ፣ የትኛው ቋሚ ኮለን ስንት ፌሮ። እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ አስነበበኝ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። ጣሪያውን የሚሸከመው የመድረኩ ቢም ላይ ስደርስ፣ «አልቀለለም እንዴ?» አለ።

ፕሮግራሙ ያወጣው ነው አልኩት። ትንሽ ቆጣ ብያለሁ። ደክሞኝ ነበር፤ ማሽኑ ትናንት ሦስቴ ጠፍቶብኛል። ወረቀቱን ሳይገልጥ ፈረመ።

ሰኔ 13፣ ሐሙስ

ከባንኩ ፊት ለፊት ጋሼ ሲመጣ አየሁት። እጄን አነሳሁ። አጠገቤ ደርሶ አለፈኝ። ፊቴን እያየ አለፈኝ። የአንድ እናት ልጆች ነን።

መኪናውንም ትቶ በታክሲ መሄድ ጀምሯል። ሐኪም እግርህን አንቀሳቅስ ብሎኛል ይላል። ከታክሲው ወርዶ ቢሮ ለመግባት ግን ሁለት እርምጃ የለውም።

ሰኔ 16፣ እሑድ



ምሳ ጋሼ ቤት ነበርን። ሳህን ይዤ ወደ ኩሽና ስሄድ እትዬ፣ ሚስቱ ማለቴ ነው፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስታናግረው ሰማሁ። እስከ መቼ ነው የምትደብቃት፣ ቢሮው እኮ የሷም ነው አለችው። እሱ መለሰ፦ ይቺ አዳራሽ ታልቅና እነግራታለሁ፣ አሁን ከሰማች ሥራው ይበላሻል።

ሳህኑን ይዤ ተመለስኩ። ስበላ ምን እንደበላሁ አላውቅም። ጋሼ ውሃ ሲቀዳልኝ ከብርጭቆው ውጭ አፈሰሰው። የጥፋተኛ እጅ ይንቀጠቀጣል።

ቢሮውን እየሸጠ ነው። ወይ ሌላ ሸሪክ አግኝቷል። ስሌቱ ሁሉ ባንቺ ይለፍ ያለኝ ለዚህ ነው፤ ነገር ሲበላሽ ጣቱን ወደኔ እንዲቀስር። ባሌ፣ ለምን አትጠይቂውም አለኝ። ሌባን ሰረቅህ ወይ ብሎ ማን ይጠይቃል?

ቅር የሚለኝ እትዬ ናት። እሷ እንኳ የሷም ነው እያለች ለኔ አልነገረችኝም።

ሰኔ 18፣ ማክሰኞ

ሐኪሙን ትቼ ራሴ ፈተሽኩት። ትናንት አዲሶቹን ሁለቱን ራሞች አወጣሁ፤ በአሮጌዎቹ ብቻ ቀኑን ሙሉ በሰላም ዋለ። ዛሬ ደግሞ አሮጌዎቹን አውጥቼ አዲሶቹን ብቻ አደረግኩ፤ እነሱም ጨዋ ናቸው። አንድ በአንድም ሞከርኳቸው። እንከን የለባቸውም። አራቱንም ስመልሳቸው ማሽኑ ጠፋ።

ለሐኪሙ ደወልኩለት። እንግዲያው ማዘርቦርዱ፣ ሁሉ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ፣ ሞቷል፣ አዲስ ያስፈልጋል አለ። ሁሉም ለየብቻ ደህና ከሆነ የሞተው ምኑ ነው? ሐኪሙንስ ማን ነው ያመጣው? ጋሼ።

በሁለቱ ብቻ ልሥራ ብል ትልቁ ሞዴል ይንፏቀቅና ይቆማል። አራቱንም መልሼ ቶሎ ቶሎ እያስቀመጥኩ መሥራት ነው እንጂ ምን ምርጫ አለኝ።

ሰኔ 20፣ ሐሙስ

አገኘሁት።

የመድረኩን ቢም እንደገና ከፈትኩ። ጋሼ «አልቀለለም እንዴ» ያለው ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኝ ነበር። ከጣሪያው የሚያርፍበትን ጭነት ሃያ አራት ብዬ ነው ያስገባሁት፤ እጄ ያውቀዋል፣ ከሱ ጋር ተነጋግረንበታል። ፋይሉ ውስጥ ስምንት ይላል። ስምንት። ፕሮግራሙ በሲሶ ጭነት አስልቶ ቀጭን ቢም ሰጠን፣ እኔ አነበብኩ፣ እሱ ፈረመ፣ ሳይት ላይ ፌሮው እየታሰረ ነው። ሰኞ ኮንክሪት ይሞላል። ከሥሩ ልጆች ይቀመጣሉ።

ጠዋት ወንበሬ ላይ የሚቀመጠው ማን ነው? ቢሙ መቅለሉን ሳያይ በጆሮው ብቻ እንዴት አወቀ? ራሱ ካልነካው በቀር።

ለሳይቱ ፎርማን መደወል ነበረብኝ። ስልኩን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። አሁን ብደውል ስህተቱ የኔ ሆኖ ይቀራል፤ መጀመሪያ ፊቱን ማየት አለብኝ አልኩ። ሰኞ ሩቅ ነው አልኩ።

ይሄንን ስጽፈው ጥሩ ሰው አልመስልም።

ሰኔ 21፣ ዓርብ

ገጹን አትሜ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። በሩን ዘጋሁ።

«ጋሼ፣ የመድረኩ ቢም ጭነት ስንት ይላል? አንብብልኝ» አልኩት።

ወረቀቱን አነሳ። ወደ መስኮቱ ዞር አለ። ቆየ።

«ሃያ አራት» አለ።

ዓይኑን አፍጥጦ ዋሸኝ። ወረቀቱ እጁ ላይ ነው። በሕይወቴ እንዲህ የተናቅኩበት ቀን የለም።

«ስምንት ነው የሚለው» አልኩት። «ጠዋት ጠዋት ማሽኔ ላይ ተቀምጠህ ነካክተኸዋል። ቢሮውን እየሸጥክ እንደሆነም ሰምቻለሁ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ የምለውን ሁሉ ትቶ፣ «ስምንት? ሙሌቱ መቼ ነው?» አለኝ። ወሬ ሲያስቀይስ። የቢሮውን ቁልፍ ስጠኝ አልኩት። ሳይከራከር ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋልኝ፤ ከእጄ ጎን ለቀቀውና ወለሉ ላይ ወደቀ። አጎንብሶ እንኳ አላነሳውም። እኔ ተንበርክኬ አነሳሁት። ኮቱን ለበሰ፣ ግድግዳውን እየታከከ ወጣ።

አላለቀስኩም። ያለቀስኩት ቤት ነው።

ሰኔ 22፣ ቅዳሜ

ረጅም ነው፣ ግን ዛሬ ካልጻፍኩት ነገ ለራሴ አሳምሬ እተርከዋለሁ።

ቢሮውን ከውስጥ ቆልፌ ተቀመጥኩ። ጭነቱን ወደ ሃያ አራት መልሼ፣ እግረ መንገዴን ጋሼ የነካካውን ሌላ ቁጥር ሁሉ ፈልጌ አወጣለሁ ብዬ ነበር። የማመሳክርበት እንዲኖረኝ ድሮ ያስረከብነውን የአንድ መጋዘን ፋይል አወጣሁ፤ ቅጂው በሌላ ዲስክ አለ፣ ማንም አልደረሰበትም። ከፈትኩ፣ ምንም ሳልነካ አስቀመጥኩ፣ ከቅጂው ጋር አስተያየሁ። አንድ ነው። እንደገና። አንድ ነው። ደጋግሜ ሳደርገው አንዱ ላይ የአንድ ግድግዳ ቁመት ተለውጦ አገኘሁት።

እጄ ማውሱ ላይ ነበር። ቢሮው ውስጥ ከኔ በቀር ዝንብ የለም። ቁልፉም ኪሴ ውስጥ ነው።

ሁለቱን ራሞች አወጣሁና ያንኑ ሥራ ደጋገምኩት። ምንም አልተለወጠም። አራቱን ስመልስ ከጥቂት ሙከራ በኋላ ሌላ ቁጥር ተለወጠ። ማሽኑ ሰማያዊ ሆኖ ሲጠፋ እኮ ሰው ያየዋል። ሳይጠፋ፣ ዝም ብሎ፣ የሰጠሁትን ሃያ አራት ስምንት አድርጎ ሲመልስልኝ ነው ያላየሁት።

ያን ጊዜ የትናንቱ ነገር መጣብኝ። የሚዋሽ ሰው የሚዋሸው እንዳይያዝ ነው። ስምንት ብሎ የተጻፈ ወረቀት ይዞ፣ ስምንት መሆኑን ለማውቅ ለኔ፣ ሃያ አራት የሚለኝ ለምን ብሎ ነው? ሃያ አራት እኮ መሆን ያለበት ነው።

ፎርማኑ ስልክ አላነሳም። ሳይት ሄድኩ። ዝናቡ ጭቃውን አላቁጦታል። ፎርማኑን ከዳሱ ሥር አገኘሁት። ሙሌቱን አቁሙ አልኩት ከሩቁ፣ ሰላም ሳልለው።

ቆሟል እኮ አለኝ። ትናንት ወንድምዎ በታክሲ መጥተው አስቁመውታል፤ ሲሚንቶ እንዳይራገፍ ብለዋል። ምን ተገኘ ብላቸው፣ እህቴ ቁጥሩ ተሳስቷል ብላኛለች፣ እስካጣራ አንድ ባልዲ እንዳይገባ አሉ።

ከዚያ ድምጹን ቀነስ አደረገ። መሰላሉ ላይ ካልወጣሁ ብለው አስቸገሩኝ አለ። የመጀመሪያውን ርብራብ እግራቸው ሲያጣው እኔ ነኝ ጫማቸውን ይዤ ያስረገጥኳቸው። ላይ ወጥተው ፌሮውን በጣታቸው እየዳሰሱ አንድ፣ ሁለት እያሉ ቆጠሩ። ሲወርዱ፣ ይሄ እንኳን ጣሪያ ዝናቡንም አይችል አሉ።

«ዓይናቸውን ምን ነክቷቸው ነው?» አለኝ። «እርስዎ ያውቃሉ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ» አልኩት።

ሰኔ 23፣ እሑድ

እትዬ በሩን ከፈተችልኝ፤ ወደ ሳሎን አሳለፈችኝና ራሷ ወጣች። ጋሼ ሬዲዮ ከፍቶ ተቀምጦ ነበር።

መሃሉ ጠቁሯል አለኝ፣ የሁለቱም ዓይኑ። ዳር ዳሩን ነው የሚያየው። ፊትሽን ለማየት ጆሮሽን ማየት አለብኝ አለና ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የዓይን ሐኪሙ የሚመለስ አይደለም ብሎታል። ጠዋት ጠዋት የኔን ሰፊ ስክሪን ፊደሉን አልቆ ይሞክራል፤ ራሞቹን የገዛውም ሥራውን በሙሉ ሲያስረክበኝ ማሽኔ እንዳይቸግረኝ ነው። አዳራሹ እንዳለቀ ሊነግረኝ ነበር።

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው። «ሳታይ ፈረምክ» አልኩት።

«አንቺን አይቼ ነው የፈረምኩት።»

እሱ መልስ አይሆንም ጋሼ፣ ቢሙ ቢወድቅ ለነዚያ ልጆች እናቶች እንደዚያ ትላቸው ነበር ወይ አልኩት። ዳብሶ ሬዲዮውን አጠፋ። አይሆንም አለ። ልክ ነሽ፣ አይሆንም። አልቀለለም ወይ ብዬ ጠይቄ በቁጣሽ አፈርኩና ተውኩት፤ ዓይን ቢኖረኝ አልተወውም ነበር።

እኔም ሐሙስ ቀን ስልኩን አንስቼ መልሼ እንዳስቀመጥኩት ነገርኩት። ይህ ከበደው። ፊቱን ወደኔ አዞረ፤ ወደ ጆሮዬ።

«ቁልፉን ስትቀሚኝ ከፋኝ» አለኝ። «ቁጥሩ ተሳስቷል ስትይኝ ግን አመንኩሽ። ወዲያው ነው የሄድኩት። አንቺ አንድ ቀን አሳደርሽው።»

ከዚህ በኋላ ያወራነው ሁሉ እዚህ አይጻፍም።

ሰኔ 27፣ ሐሙስ

ለርዕሰ መምህሩ ሁሉንም ነገርነው፣ የማሽኑንም የዓይኑንም። ጮኸብን። መብቱ ነው። ፎርማኑ ያሰረውን ፌሮ ሲያስፈታ ሠራተኞቹ ምን እንዳሉን ባልሰማ ይሻል ነበር።

የማሽኑንም ነገር ደረስኩበት። ሲነሳ በሚመጣው ማስተካከያ ውስጥ የራሞቹ ፍጥነት ካርቶናቸው ላይ እንደተጻፈው ጥግ ድረስ ተለጥጧል። ያ ፍጥነት ሁለት ሲሆኑ ነው የሚሠራው፤ አራቱም ማስገቢያ ሲሞላ ማዘርቦርዱ በዚያ ፍጥነት አራቱን ማስተዳደር ያቅተዋል። የሞተ ነገር አልነበረም። ፍጥነቱን ዝቅ አደረግኩና የራም መፈተሻውን ፕሮግራም ለቀቅኩት።

ሰኔ 30፣ እሑድ

ፈተናው ስህተት አላገኘም። እኔ ግን የአዳራሹን ስሌት ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና እየሠራሁ ነው፤ ሁለቱን አዲሶቹን አውጥቼ መሳቢያ ውስጥ ከትቻቸዋለሁ። ሞዴሉን ለአራት ከፋፍዬ እከፍተዋለሁ፤ ይንቀርፈፍ። በያንዳንዱ ገጽ ዋና ዋናውን ቁጥር በእጄ አሰላለሁ። ባሌ፣ አሁን ደግሞ ማሽኑን ነው የምትጠረጥሪው አለኝ። እሱስ ይገባዋል።

ጋሼ ቢሮ አልመጣም። ቁልፉን ልኬለት ነበር። እትዬ፣ ራሱ ሲመጣ ይቀበልሻል ብላ መለሰችው።

ሐምሌ 9፣ ማክሰኞ

ዛሬ የጋሼን የሙያ ፈቃድ ለሰጠው መሥሪያ ቤት መለስን። እሱ ነው አብረሽኝ ሂጂ ያለኝ። ደረጃው ላይ ክንዱን ልይዝ ስል፣ እኔ ነኝ የምይዝሽ አለና ክርኔን ያዘ።

መስኮቱ ላይ ያለችው ጸሐፊ አንድ ገጽ ሰጠችን። ፈቃዱን በገዛ ፈቃዱ እንደመለሰ፣ ከእንግዲህ በሱ ስም ሥዕል እንደማይወጣ፣ የአዳራሹ ኃላፊነት ወደኔ እንደዞረ ይናገራል። አንብቢልኝ አለኝ። አነበብኩለት፤ ቃል በቃል፣ ነጥቡን ሁሉ።  ሲያልቅ እስክሪብቶውን ዘረጋሁለት።

አልተቀበለኝም። ወረቀቱን ከፊቴ ስቦ በመስኮቱ ወደ ጸሐፊዋ ገፋው።

«ይቅርታ እህቴ» አላት፣ «እርስዎም አንዴ ያንብቡልኝ።»

ጸሐፊዋ አየችኝ። እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበችለት፤ እሱም ዓይኑን ጨፍኖ ሰማት፣ ከኔ ንባብ ጋር መስመር በመስመር እያስተያየ። ልክ ሲሆንለት ፈረመ።

ደግ አደረገ። የአዳራሹን ሥዕል የፈረመ ዕለትም እንዲህ ቢያደርግ ኖሮ እላለሁ። ቢሆንም እስክንወጣ ድረስ ጆሮዬ እንደጋለ ነበር።